የተፋቀችው ሰባት

በ1976 ዓ.ም. ናዝሬት ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተምር የነበረው ገሠሠ የላቦራቶሪ ሪፖርት ማረም አይከብደውም ነበር። ሙከራው ሳይጀመር ውጤቱን ሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል፤ ተማሪዎቹ ያንኑ ገልብጠው ያመጣሉ፤ እሱም በቀይ እስክሪብቶ ራይት ያደርግላቸዋል። በየዓመቱ ወደ አውራጃ የሚላከው የክፍሉ ዘገባ «ሙከራው መቶ በመቶ ተሳክቷል» ይል ነበር። ገሠሠም በዚህ ይኮራ ነበር።

ሚያዝያ ላይ የዘር ብቅለት ሙከራ ደረሰ። ተማሪዎች ከየቤታቸው ሃያ ፍሬ በቆሎ አምጥተው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በሳምንቱ የበቀለውን እንዲቆጥሩ ታዘዙ። ሰሌዳው ላይ አስቀድሞ «18» ተጽፎ ነበር።

ቡዜ የመልካሳ አካባቢ ገበሬ ልጅ ናት። አባቷ ገመዳ ፍሬዎቹን የሰጣት ለግንቦት ካስቀመጠው ዘር ዘግኖ ነው። «እስቲ ትምህርት ቤታችሁ ይመርምረው። የማይበቅል ከሆነ ጊዜ ሳያልፍ ከአጎትሽ እለምናለሁ» ብሏት ነበር።

በሳምንቱ ጨርቁን ስትፈታ የበቀሉት ሰባት ብቻ ነበሩ። ደግማ ቆጠረች፤ ሰባት። እሱኑ ጻፈች።

ገሠሠ ደብተሯን ክፍሉ ፊት ከፍ አድርጎ ያዘው።

«ሰባት! ጓደኞችሽ ሁሉ አሥራ ስምንት ሲያበቅሉ አንቺ ምን አድርገሽው ነው? ቀቅለሽ ነው ያመጣሽው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ አንዱ «ንፍሮ ነው ቲቸር! ጨው ይምጣ!» አለ።

«ቲቸር፣ እኔ ያየሁት ይኼንኑ ነው» አለች ቡዜ። «ዘሩ ይሆናል የተበላሸው።»

«ያየሽውን ማን ጠየቀሽ? ሰሌዳው ምን ይላል?» ላጲስ ወረወረላት። «ፋቂው። እዚሁ፣ ሁሉም እያየሽ።»

ፋቀች። «18» ብላ ጻፈች። ገሠሠ ራይት አደረገና ፈረመበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ስሟ «ንፍሮ» ሆነ።

ቅዳሜ ከምትማርበት ከተማ ወደ ቤቷ ስትሄድ ለአባቷ እውነቱን ነገረችው። ገመዳ ግን በመሠረተ ትምህርት ቁጥር ለይቶ ስለነበር ደብተሩን ተቀብሎ አየው። «መምህሩ በቀይ ፈርሞበት የለም እንዴ? አንቺ ነሽ የተሳሳትሽው» አላት። ዝናቡ እንደጣለ ያለውን ዘር በሙሉ ዘራ።

በጥቅምት ገመዳ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጣ።

«አካም ጅርቱ መምህር። ይኼን የፈረሙት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ልጄ ሰባት ነው ብላኝ ነበር። እኔ እርስዎን አመንኩ። የጎረቤት ማሳ ሲለመልም የኔ እዚህም እዚያም ብቻ በቀለ። ወንድሜ ዘንድ ስሮጥ የተረፈውን ዘር ዘርቶ ጨርሶታል።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ቡዜን ሰው ቤት አስገባኋት፤ እንጀራ እንድታገኝ። ንፍሮ ብላችሁ ስም አውጥታችሁላታል አሉ። ንፍሮውም ቢሆን ዛሬ እኛ ቤት የለም።»

ገሠሠ ደብተሩን ተቀበለ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለው። ከአሥራ ስምንቱ ሥር የተፋቀችው ሰባት ዛሬም ትታይ ነበር።

በማግሥቱ ደብተሩን ይዞ፣ ዘንድሮም እሱ ወደሚያስተምራቸው የቡዜ ጓደኞች ክፍል ገባ። አሥራ ስምንቱን በአንድ መስመር ሰርዞ ከጎኑ «7» ጻፈና ለሁሉም አሳየ።

«ሪፖርት እንዲህ ይጻፋል» አለ። «ምን ልታውቁ እንደፈለጋችሁ፣ በምን በምን እንደሠራችሁ፣ እንዴት እንደሠራችሁ ጻፉ። ከዚያ በዓይናችሁ ያያችሁትን፣ ቆጥራችሁ ያገኛችሁትን፣ በእስክሪብቶ። ከተሳሳታችሁ ሰርዙ እንጂ አትፋቁ። ውጤታችሁ ከመጽሐፉ ከተለየ ደግማችሁ ሞክሩ፣ ለምን እንደተለየም ጻፉ። ለእኔ ብላችሁ አትለውጡት።»

ማንም አልሳቀም። የቡዜ ቦታ ባዶ ነበር።

«ያየሽውን ማን ጠየቀሽ ብያት ነበር» አለ ገሠሠ፣ ሰሌዳው ላይ ምንም ሳይጽፍ። «የጠየቃት አባቷ ነበር።»