የለሚ ጉንጭ

አዳዳ ሞሚና በጨርቅ የቋጠሩትን ትኩስ ጨው ይዘው ሲጠጉ ለሚ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ዙር አንተ! ብርድ ገብቶብህ ነው» አሉት።

አዳዳ የአባቱ ታላቅ እህት ናቸው፤ ሊጠይቁት ነው ከጎሮ የመጡት። ሮቤ ውስጥ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚከሰሰው ብርድ ነው። ጥርስም ሆነ ጉልበት፣ መድኃኒቱ ሙቀት ነው።

ጠዋት ጎባ ሐኪም ቤት የለሚ የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ ድዱ ተቀዶ ወጥቶ ነበር። አፉ በጥጥ ስለተሞላ ሐኪሟ ምክሯን የነገረችው ለታናሽ እህቱ ለጁሀራ ነው። ጁሀራ «እሺ፣ እሺ» እያለች ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ትጻጻፍ ነበር። ቤት ገብታ ስትጠየቅ ዓይኗን በጨው አጥባ «ሙቀት ያዙበት ብላለች» አለች። ይኸው ሁለት ጊዜ ተያዘበት፤ ጉንጩ ግን ይብሱን አበጠ። የለሚ እንባ ሲወርድ ስታይ ስልኳን ይዛ ተነሳች።

ወደ ጓሮ ወጥታ ለሐኪሟ ደወለች።

«ነግሬሽ አልነበር?» አለች ሐኪሟ።

«አልሰማሁም ነበር።»

«ዛሬና ነገ የሚያዝበት ቀዝቃዛ ነው። በረዶ ከሌለ ፎጣ በቀዝቃዛ ውኃ ንከሪና ጉንጩ ላይ ሃያ ደቂቃ ያዢ፣ ሃያ ደቂቃ አሳርፊው። ሙቀት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ አፉን አይጉመጥመጥ። ትራሱን ከፍ አድርጊለት፣ ማስታገሻውን በሰዓቱ ይውሰድ። መዋጥ ካቃተው ወይም ካተኮሰው ቶሎ አምጡት።»

ጁሀራ በሩ ላይ ቆመች። «ሐኪሟ ሐሳቧን ቀየረች» ብትል ማን ያውቃል? አዳዳ ግን ጨውን እንደገና ሊያሞቁ ተነስተው ነበር።

«አዳዳ፣ ይተዉት። ሐኪሟ ሙቀት አላለችም። እኔ ነኝ ከራሴ ያልኩት። ስትናገር አልሰማኋትም።»

«ያ ረቢ!» አዳዳ ቋጠሮውን አስቀመጡ። «ታዲያ እኔ ልጁን ሳቃጥለው ዋልኩ?»

ጁሀራ ከበርሜሉ ውኃ ቀድታ ፎጣውን ነከረች፣ ጨመቀችና የለሚ ጉንጭ ላይ አሳረፈች።

«ቆይ ልዳን ብቻ» አላት በግማሽ አፉ።

«እሺ።»

«አምጪው፣ እኔ ልያዝለት» አሉ አዳዳ።

«አይ፣ እርስዎ ይረፉ።»

የሮቤ ውኃ አጥንት ይሰብራል። ጣቶቿ ደነዘዙ፤ ከሃያው ደቂቃ ገና አምስቱ እንኳ አልሞላም። ፎጣውን አልለቀቀችም።