«ትታዋለች» ያለ ባል

መምህር መርስዔ ኀዘን ባሕር ዳር ውስጥ ታሪክ ያስተምራል። ቤቱ ዓባይ ማዶ ነው። ከድልድዩ ወዲያ ካሉት ባጃጅ ነጂዎች ብዙዎቹን ስላስተማራቸው፣ በመንገድ ሲሄድ «መምህር፣ ይግቡ ላድርስዎ» የሚለው አይጠፋም።

አንደበቱ ርቱዕ ነው። የካቲት ሲገባደድ የሴቶች ቀን በትምህርት ቤቱ ሲከበር፣ ንግግር የሚያደርገው ሁልጊዜ እሱ ነው። ወረቀት አይዝም። በጣና ዳርቻ ወንዱንም ሴቱንም በምንኩስና ስለመራችው ስለ ወለተ ጴጥሮስ ይናገራል። ከጎንደር ሆና አገር ስላስተዳደረችው ስለ እቴጌ ምንትዋብ፣ የኖቤልን ሽልማት ሁለት ጊዜ ስለተቀበለችው ስለ ማሪ ኩሪ፣ ወደ ጠፈር በመውጣት ከሴቶች የመጀመሪያዋ ስለሆነችው ስለ ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ ይተርካል። በፌዝ ከተማ የታወቀውን መስጊድና የትምህርት ስፍራ እንዳቆመች ስለሚነገርላት ስለ ፋጢማ አል ፊህሪ ሲያወሳ፣ ከሐይቁ ዳር ቤተሰቦች የመጡት ሙስሊም ልጃገረዶች ቀና ብለው ያዳምጡታል። በመጨረሻም «ሴት ልጁን ያስቀረ አገር ራሱ ወደ ኋላ ይቀራል» ብሎ ሲወርድ ግቢው በጭብጨባ ይናጋል።

ይህን የምጽፈው ግን ንግግሩን ላመሰግን አይደለም። እንዲህ ያለ ንግግር የሚያደርግ ሰው በየከተማው ሞልቷል። ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚሆን የሚያውቁት ቤተሰቦቹ ናቸው።

ባለቤቱ ፀደንያ ነርስ ናት። ኪዲ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ኪዲ በእግሯ መሄድ በጀመረችበት ሰሞን፣ ፀደንያ ጎንደር ሄዳ የማደንዘዣ ሕክምና እንድትማር ተመረጠች። ቀዶ ጥገና የሚደረግለትን ሰው የሚያስተኛ፣ ትንፋሹን የሚጠብቅ፣ በሰላም መልሶ የሚያነቃ ባለሙያ ልትሆን ነው። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ስትጨርስ የምትመደበው በቁንዝላ በኩል ባለ አንድ ሆስፒታል ነበር። ቦታውን የመረጠችው ራሷ ናት፤ የባሏ ዘመዶች ያሉት በዚያ ነው። የድጓ መምህር የሆኑት አባቱ መሪጌታ ገድሉም፣ ታናሽ እኅቱ እናትዓለምም የሚኖሩት ቁንዝላ ነው።

መመረጧን ስትነግረው ፊቷ በርቶ ነበር። እሱ ጫማውን ማውለቁን ቀጠለ።

«ልጅቷስ?» አላት።

«እናቴ ከአንበሳሜ መጥታ ትይዝልኛለች። ተነጋግረን ጨርሰናል። እኔም በየጊዜው ብቅ እላለሁ። ጎንደር እንደሆነ ሩቅ አገር አይደለም።»

«ሰውስ ምን ይላል?»

«የቱ ሰው?»

«ሰፈሩ ነዋ። አባቴስ? ሚስቱ ጎንደር እሱ ባሕር ዳር ሲባል እኔ ምን እሆናለሁ?»

«አንተ ለሁለተኛ ዲግሪህ አዲስ አበባ ስትቀመጥ ሰው ምን አለ? ኪዲን አርግዤ ብቻዬን ነበርሁ።»

«የእኔ ሌላ ነው።»

«እንዴት ሌላ ሆነ?»

«አሁን አይሆንም፣ ፀደንያ። ኪዲ ትምህርት ቤት ትግባና ያን ጊዜ እናየዋለን» ብሎ ተነሣ።

ፀደንያ ግን ነገሩን አልተወችውም። አንድ እሑድ ኪዲን ይዘው በሐይቁ ዳር ሲንሸራሸሩ፣ «ወለተ ጴጥሮስ ልትሄድ ስትነሣ ባሏ ምን አላት?» ብላ ጠየቀችው።

«የቱ ባሏ?»

«የንጉሡ ባለሟል የነበረው። አንተ በንግግርህ ‹ትታ ሄደች› ትላለህ እንጂ፣ የተተወውን ሰው ስም ጠርተህ አታውቅም።»

መርስዔ ኀዘን ሳቀ። «እሷ እኮ ቅድስት ናት። አንቺ ባለ ትዳር ነሽ።»

«እሷም ባለ ትዳር ነበረች» አለችው።

የመመዝገቢያው ጊዜ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጧት ፀደንያ ኪዲን ስታጥብ ስልኳ ጮኸ። መርስዔ ኀዘን አነሣው። የተደወለው ከጎንደር ነው። አንዲት ሴት በትሕትና፣ «ሲስተር ፀደንያ እስካሁን አልተመዘገበችም። ትመጣለች ወይስ ቦታውን ለተጠባባቂ እንስጥ?» አለችው።

የውኃው ድምፅና የልጅቱ ሳቅ ከጓዳ ይሰማዋል። ሊጠራት ይችል ነበር።

«ትታዋለች» አለ።

ስልኩን ዘግቶ ከነበረበት መልሶ አስቀመጠው። ፀደንያ ከብዙ ማመንታት በኋላ፣ ባሌ ቢቀየምም እሄዳለሁ ብላ ቆርጣ ስትደውል፣ ቦታው ለሌላ ሰው መሰጠቱን ነገሯት። መርስዔ ኀዘን «ምን ይደረግ፣ ዘግይተሽ ነው» ብሎ አጽናናት። እሷም አመነችው። በማመንታቷ በራሷ ላይ ፈረደች።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አጣች። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም። የታጠበ ልብስ መልሳ ታጥባለች። ከሥራ ስትወጣ ወደ ቤት በመምጣት ፈንታ የሐይቁን ዳር ይዛ ትሄድና ትመለሳለች። «ምን ሆነሻል?» ሲላት «ምንም» ትለዋለች። እሱም ቢሆን ሰላም አላገኘም። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ከያዘው መጽሐፍ ቀና ይላል፣ ከማን ጋር እንደምታወራ ጆሮውን ይጥላል። የሴቶች ቀን ሲደርስ ግን እንደ ወትሮው ቆሞ ተናገረ። እንደ ወትሮውም ተጨበጨበለት።

እንዲህ ሆነው ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ዓመት፣ በዓሉ በሚከበርበት ቀን ጧት መርስዔ ኀዘን ሸሚዙን ሲተኩስ ክንዱ ደወለለት። ክንዱ የእኅቱ የእናትዓለም ባል ነው። እናትዓለም የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ፀደንያ ልትመደብበት የነበረው የቁንዝላ በኩሉ ሆስፒታል ገብታ ነበር።

«ጋሼ፣ ምጡ አልገፋ ብሏል። ልጁ ተጋድሟል አሉ። በኦፕራሲዮን ካልሆነ አትወልድም።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

«ሐኪሙ አለ። የሌለው ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው ነው። አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ታሞ ሄዷል። ወደ ባሕር ዳር ውሰዷት ብለውን አምቡላንስ ላይ እያወጣናት ነው።»

ፀደንያ ከጎኑ ቆማ ሰማች። ስልኩን ከእጁ ወስዳ፣ «ክንዱ፣ በግራ ጎኗ አስተኟት። አብሯችሁ የሚመጣው ነርስ ከአጠገቧ አይራቅ። እኛ በር ላይ እንጠብቃችኋለን» አለችው።

ከቁንዝላ የሚመጣው መንገድ አስፋልቱን እስኪያገኝ ድረስ ጠጠርና ጉድጓድ ነው። ባልና ሚስት ባሕር ዳር ካለው ሆስፒታል ደጅ ቆሙ። መርስዔ ኀዘን መቆም አልሆነለትም። ከአጥሩ እስከ አስፋልቱ ይመላለሳል፣ አምቡላንስ በታየ ቁጥር ይሮጣል፣ የእነሱ አይደለም። ከትምህርት ቤት ደውለው «መምህር፣ ተማሪው ተሰብስቧል» አሉት። «ዛሬ አልመጣም» ብሎ ዘጋ። ክንዱ ሲደውል የእናትዓለም ጩኸት አብሮ ይሰማል። «ገና ነን፣ ጋሼ። ፈጠን ስንል ትጮኻለች፣ ቀስ ስንል ይመሽብናል።» በመጨረሻ ሲደውል ጩኸቱ አይሰማም ነበር። መርስዔ ኀዘንን ይበልጥ ያስፈራው ይኸው ዝምታ ነው።

ሲደርሱ ፀደንያ አልጋውን እየገፋች አብራ ገባች። ወንዶቹ ውጭ ቀሩ።

እናትዓለም ተረፈች። ልጁ ግን ሳያለቅስ ወጣ።

ክንዱ ግድግዳውን ተደግፎ አንድ ነገር ይደጋግማል። «ሐኪሙ እኮ ነበረ። ልብሱን ለብሶ፣ እጁን ታጥቦ ቆሞ ነበር። የጠፋው አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው።»

ፀደንያ ወጥታ ደጅ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጠች። መርስዔ ኀዘን ሄዶ አጠገቧ ቆመ። ሊቀመጥ አልደፈረም።

«ያ ቦታ ያንቺ ነበር» አላት።

«ብማርም ዛሬ ተረኛ ላልሆን እችል ነበር» አለችው መሬት መሬት እያየች። «ልጁ ይተርፍ ነበር ብዬ አልናገርም፣ እሱን እግዜር ያውቃል። በዚያ ሆስፒታል ግን አንድ ሰው ይጨመር ነበር። እኔ የማውቀው ይህን ነው።»

«ፀደንያ፣ ያኔ አንቺ ዘግይተሽ አይደለም። ከጎንደር ደውለው ነበር፣ ኪዲን ስታጥቢ። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ‹ትታዋለች› አልኋቸው።»

ቀና ብላ አየችው። አልጮኸችም።

«ይህን ሁሉ ዘመን ራሴን ስረግም ታየኝ ነበር።»

«አይሽ ነበር።»

«እንድሄድ እንደማትፈልግ አውቃለሁ፤ በግልጽ ነግረኸኛል። ቃሌን ከአፌ ወስደህ ትናገርልኛለህ ብዬ ግን አልጠረጠርሁም።»

ተነሥታ ወደ እናትዓለም ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን የቤት ነገር ካልሆነ በቀር አላነጋገረችውም። ያን ያህል ንግግር የሚያውቅ ሰው የሚለው ጠፍቶት፣ ማለዳ ተነሥቶ ግቢውን እየጠረገ የእሷን መውጣት ይጠብቃል።

ይቅርታ መጠየቅ ብቻውን እንደማይበቃ ገባው። ጎንደር ሄዶ፣ ያኔ የሰጠው መልስ የባለቤቱ እንዳልነበረ በአፉ ተናገረ። አዲስ የምዝገባ ጊዜ ሲመጣ እንደገና ተወዳድራ ካለፈች ትገባለች፣ ያለፈው ግን አይመለስም አሉት። መልሱን እንዳለ ለፀደንያ ነገራት። እሷም «እወዳደራለሁ» አለች። «ፈቃድህን እየጠየቅሁህ ግን አይደለም።»

«አውቃለሁ» አላት።

ትምህርት ቤቱ በዓሉን ለእሱ ብሎ ወደ ሌላ ቀን አሸጋግሮት ነበር። ከመውጣቱ በፊት ፀደንያን «የሆነውን ልናገረው?» ብሎ ጠየቃት። «በእኔ በኩል ያለውን ተናገር» አለችው። «ሐዘኑ የእናትዓለም ነው። እሷን ጠይቃት።» እናትዓለምን ጠየቃት፤ «ስሜን አትጥራ እንጂ ተናገር» አለችው።

መድረኩ ላይ ሲቆም ድምፁ እንደ ቀድሞው አልነበረም።

«ማሪ ኩሪ ለመጀመሪያው ሽልማት በታጨው ሥራ ላይ እኩል ደክማለች። ስሟን ግን ዕጩ አቅራቢዎቹ ዘለውት ነበር» አላቸው። «እሷም ከእኔ ጋር ትታይ ብሎ የጻፈው ባሏ ነው። የዚህን ሰው ነገር እስከ ዛሬ ነግሬያችሁ አላውቅም። የእሱን ከነገርኋችሁ የራሴን መንገር ሊኖርብኝ ነው።» ከዚያም የራሱን ነገራቸው። ጭብጨባ አልነበረም። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ባለቤትዎ አሁን የት ናት?» አለችው። «ሥራ ላይ ናት» አላት። «ለፈተናም ታጠናለች።»

ፀደንያ ፈተናውን አለፈች። ልትሄድ ስትሰናዳ መሪጌታ ገድሉ ነገሩን ሰምተው ከቁንዝላ መጡ። ለልጃቸው ብቻ፣ «ሚስትህ ቤቷን ትታ ስትሄድ ዝም ብለህ ታያለህ አሉ» አሉት።

«ዝም ብዬስ አላይም፣ አባቴ። ዕቃዋን የምሸክፈው እኔ ነኝ።»

«ሰው ይስቅብሃል።»

«ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ ያደረግሁትን ልንገርዎ።» ነገራቸው፣ ከስልኩ ጀምሮ።

መሪጌታ የልጅ ልጃቸውን ሐዘን ገና አልተወጡትም። «ሰው ስትል እኔንም ፈርተህ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ እርስዎንም።»

«እንግዲያስ በኃጢአቱ የእኔም እጅ አለበት» አሉ። ፀደንያን አስጠሯት። «ልጄ፣ ስትጨርሺ ወዴት ይመድቡሻል?»

«ከፈቀዱልኝ ወደዚያው፣ ወደ እናንተው አገር።»

«በይ ሂጂ። ቤቱን እኔና ባልሽ እናውቃለን» ብለው መረቋት።

አሁን ፀደንያ ጎንደር ናት። መርስዔ ኀዘን ከአማቱ ጋር ሆኖ ኪዲን ያሳድጋል። ጠጉር መሥራት ስለማይችል ልጅቱ በየጧቱ ታኮርፍበታለች። ባለቤቱ ሙሉ በሙሉ ይቅር ብላው እንደሆነ አያውቅም፣ አይጠይቃትምም።

ወገኖቼ፣ የታላላቅ ሴቶችን ስም ለልጆቻችን እናስተምር፤ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን እያንዳንዷ ስሟ ከመጠራቱ በፊት የአንድ ሰው ልጅ፣ የአንድ ሰው እኅት፣ የአንድ ሰው ሚስት ነበረች። አንዱ «ሂጂ» ብሏታል፣ ሌላው «ቅሪ» ብሏታል። ቅሪ ተብለው የቀሩትን ታሪክ አያውቃቸውም፤ ሊሠሩት ይችሉ የነበረውንም ማንም አይቆጥረውም። የሞቱትን ማመስገን አያስቸግርም። የሚከብደው በገዛ ቤታችን ያለችው ስትነሣ መንገድ መልቀቅ ነው። እሱን ደግሞ ነገ ሳይሆን በተነሣችበት ቀን ነው ማድረግ ያለብን።

ፀደንያ ትምህርቷን ልትጨርስ ገና ነው። እስክትጨርስ ድረስ፣ ምጥ የጠናባቸው እናቶች በዚያ ጠጠር መንገድ ወደ ባሕር ዳር ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ይደርሳሉ።