የእማማ አበኒ ልደትና የላሚዲ እጆች

አዲጉን የእናቱን የእማማ አበኒን ሰባኛ ዓመት ልደት ለማክበር የሰፈሩን መንገድ ከዳር እስከ ዳር በድንኳን ዘጋው። በናይጄሪያዋ ከተማ በኢባዳን መንገድ ዘግቶ መደገስ የተለመደ ነው። የዚህ ድግስ ልዩነቱ እማማ አበኒ አስቀድመው ለዘመድ ሁሉ የላኩት ቃል ነበር፤ "ስጨፍር የምትበትኑልኝ ገንዘብ በሙሉ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ነው። ወደ እኔ ቤት አንድ ናይራ አይገባም።" ከትምህርት ቤቱ የመጡት አሥራ ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሩዛቸውን ይበላሉ፤ የከበሮውን ንዝረት በጫማቸው ሥር እየተከታተሉ ይሳሳቃሉ።

ሐሙስ ዕለት ታናሽ እህቱ ሲኪራት ደውላለት ነበር።

"ወንድምጋሼ፣ ከመሬት ገንዘቡን የሚለቅመው ላሚዲ ነው፤ የልጆቹ የአናጢነት አስተማሪ። እሱም አይሰማም። ለሠራተኞችህ ንገራቸው።"

አዲጉን በራሱ የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት፣ በመጋዙ ጩኸት መሐል ቆሞ ነበር። "እሺ፣ እሺ። ፍየሎቹስ መጡ?" አላትና ዘጋው። ልቡ ፍየሎቹ ላይ እንጂ ሌላው ላይ አልነበረም።

ቅዳሜ ቤተሰቡ ሁሉ ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ አረንጓዴ ልብስ ለብሶ ወጣ። እማማ አበኒ ሲጨፍሩ እንግዳው እየተነሣ ገንዘቡን ግንባራቸው ላይ ይለጥፋል፣ እግራቸው ሥር ይበትናል። እማማ አበኒና ሲኪራት ልብስ ሊቀይሩ ወደ ቤት እንደገቡ አዲጉን ቢራ ጭኖ ተመለሰ፤ አንድ ቡናማ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ጎንበስ ብሎ ገንዘቡን እየለቀመ ከረጢት ውስጥ ሲከት አየ።

"የእኛን ጨርቅ ያልለበሰ ሰው እዚያ መሐል ምን ይሠራል?" አለ። ከዚያ ጮኸ። "አንተ! ማነህ?"

ሰውየው ጀርባውን እንደሰጠ መልቀሙን ቀጠለ።

"አንተን እኮ ነው! አያችሁት? ሰምቶ እንዳልሰማ ሲሆን! ሌባ!"

ከበሮው ቆመ። የመሰንጠቂያው ሠራተኞች ላሚዲን በአንገትጌው አንጠልጥለው አስፋልቱ ላይ ጣሉት። አንዱ በጠርሙስ ራሱን አለው፤ ሌላው ወንበር ጎኑ ላይ ሰበረ። ላሚዲ ተንበርክኮ እጆቹን በፊታቸው ያወናጭፍ ጀመር።

"እጁን እዩት! ድግምት እየሠራብን ነው!"

"ሩዙ አልበቃህም? የምስኪን ልጆች ገንዘብ ነው ያማረህ?"

ጎረቤታቸው መካኒኩ ባባ ሙፉ "ኧረ መጀመሪያ ይጠየቅ! ፖሊስ እንጥራ!" ቢል አዲጉን ገፈተረው።

"ፖሊስ ነገ ይለቀዋል። ተጠይቆ ዝም አለ፤ ዝም ካለ ደግሞ አመነ ማለት ነው!"

ላሚዲ ደም ዓይኑን እየሸፈነው ቀኝ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ።

"ቢላ! ቢላ ሊያወጣ ነው!"

አዲጉን የድንኳኑን ብረት ነቅሎ እጁን መታው። እጁ አስፋልቱ ላይ ሲወድቅ ደገመው። አጥንቱ ሲሰበር ዳር የቆሙት እንኳ ሰሙት። ግራ እጁ ቀኙን ሊከልል ሲመጣ እሱንም መታው። ይኼኔ አንዱ ሊያቃጥሉት አሮጌ ጎማ እያንከባለለ መጣ፤ ሌላው ከጄኔሬተሩ አጠገብ የቤንዚን ጀሪካን አነሣ።

ልጆቹ የሰዉን ልብስ እየጎተቱ ቅርጽ በሌለው ድምፅ ይጮኹ ነበር። ደንግጠው ነው ብሎ ሁሉም ወደ ኋላ ገፋቸው። ቦላቲቶ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ግን በእግሮች መሐል ሾልካ አስተማሪዋ ላይ ተደፋች። ቤንዚኑ የፈሰሰው በእሷ ፀጉር ላይ ነው።

እማማ አበኒ ጩኸቱን ሰምተው ከቤት ወጡ፤ ሰዉን ጥሰው ገቡና ጎማው ላይ ቁጭ አሉ።

"አዲጉን፣ ክብሪቱን ጫር። ሰባ ዓመት ይበቃኛል።"

"እማማ፣ ይነሡ! ሌባ ነው!"

"ምን ሰረቀ? ጠየቅኸው?"

"ጠየቅሁት፤ ዝም አለ!"

"አይሰማም፣ አንተ ድንጋይ! አይሰማም!"

እናቷን ተከትላ የደረሰችው ሲኪራት እያለቀሰች ከላሚዲ ኪስ በደም የራሰ ወረቀት አወጣች። በራሷ እጅ የጻፈችው ነበር። ጮክ ብላ አነበበችው፤ "ይህ ሰው ላሚዲ ይባላል። መስማት አይችልም። ገንዘቡን የሚሰበስበው እኛ ለምነነው ነው።"

ድንኳኑ በደቂቃዎች ውስጥ ባዶ ሆነ። ፖሊስ ማን መታው ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም "ያኔ ቢራ ልቀዳ ሄጄ ነበር" አለ። አዲጉን ብቻ ጣቢያ ድረስ በእግሩ ሄዶ "ሌባ ብዬ የጮህሁት እኔ ነኝ። እጆቹንም የሰበርሁት እኔ ነኝ" ብሎ ቃሉን ሰጠ። በዋስ እንደወጣ ወደ ሆስፒታል ሄደ።

የላሚዲ ሁለት እጆች እስከ ክርን በጄሶ ታስረዋል። አዲጉን አልጋው ሥር ተንበርክኮ ይቅርታ ሲለምን ነርሷ ትከሻውን ነካችው።

"አባቴ፣ በምኑ ይመልስልህ? ይህ ሰው የሚናገረው በእጁ ነው። እናንተ አፉን ነው የሰበራችሁት።"

አዲጉን ዘጠኝ ሳምንት ተመላለሰ። ሾርባ በማንኪያ ያጎርሰዋል፣ ፊቱን ያጥብለታል፤ ላሚዲ አንዳንድ ቀን አፉን ይከፍታል፣ አንዳንድ ቀን ወደ ግድግዳው ይዞራል። ጄሶው ሲፈታ ሦስት ጣቶቹ አልታጠፍ አሉ። መጋዝ ከእንግዲህ አይጨብጥም። ቀስ እያለ፣ ላብ እያጠመቀው፣ እጆቹን አንቀሳቀሰ። ልትጠይቀው የመጣችው ቦላቲቶ እጆቹ የሚሉትን እያየች ደብተሯ ላይ ጻፈችና ለአዲጉን ሰጠችው።

"የጠየቅኸው ጀርባዬን ነው። ፊቴን ብትጠይቀው ኖሮ ይመልስልህ ነበር።"

ፍርድ ቤቱ አዲጉንን ቀጣው፤ ቅጣቱንም ጨረሰ። ዛሬ በዚያ ሰፈር "ሌባ!" የሚል ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ሰዉን ጥሶ ይገባና ሌባ ከተባለው ሰው ፊት ለፊት መሬት ላይ ይቀመጣል። "የሌባ ጠበቃ መጣ!" ይሉታል። አንድ ሁለት ጊዜም ዱላው በእሱ ላይ አርፏል። እሱ ግን አይነሣም።

"ሰርቆ ከሆነ ሕግ አለ፤ ሕጉ ይፍረድበት" ይላቸዋል። "እናንተ ግን መጀመሪያ ፊቱን እዩትና ጠይቁት። እኔ ያልጠየቅሁትን ሰው እጅ ሰብሬ አይቻለሁ፤ አይገጠምም።"