ከእምቦጩ ውስጥ ወዬ ያለው

ስንሻው ዋና አይችልም። ጣና ዳር ተወልዶ፣ ጣና ዳር አድጎ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሐይቁን ዓሣ እየበላ ዋና አለመቻሉ ለጓደኞቹ የማያልቅ መሳቂያ ነው፤ እሱ እንደሆነ ልብስ ሰፊ ነው፣ እንጀራው ያለው መርፌና ክር ላይ ነው፣ ከውሃ ጋር ምን አገናኘው! ያን ቅዳሜ ማለዳ ብርቱካናማውን የመንሳፈፊያ ሰደርያ እስከ አገጩ ቆልፎ ጀልባዋ መሐል ሲቀመጥ፣ ምንይችል ከሞተሩ ጎን ሆኖ "አበልጁ እንደ ሙሽራ አጊጦ መጣ!" ብሎ ሳቀበት። አጉማስም ሳቀ። ስንሻው ራሱም ሳቀ።

አበልጅ ያሰኘው የነገው ቀን ነው። እሑድ የአጉማስ የበኩር ልጅ አርባ ቀን ይሞላዋል፣ ክርስትና ይነሳል፣ ታቅፎ የሚያነሳውም ስንሻው ነው። ለድግሱ የሚሆነውን ዓሣ ከገበያ መግዛት ይቻል ነበር፤ ግን አጉማስ ዓሣ አስጋሪ፣ ምንይችል ባለ ጀልባ፣ በገዛ ድግሳቸው የሰው ዓሣ ሊያበሉ? ሞታቸው ነው! ማታውኑ መረባቸውን ጥለው አደሩ፣ ጠዋት ደግሞ ለጨዋታው ብለው ልብስ ሰፊውን ጨምረው ወጡ። የአጉማስ ሚስት አንጓች አራስ ናትና ከቤት አልወጣችም፤ በመስኮት ሆና ግን ሁለቱን ቀልደኞች ዘላ ስንሻውን ብቻ ጠራችው። "እነዚህ ሰዓት አያውቁም። እስከ ስድስት ሰዓት አባቱን ይዘህልኝ ና፣ አደራ!" አለችው። "ምን ገዶሽ፣ ይዤልሽ እመጣለሁ" አላት።

የጥቅምት ጭጋግ ገና ከውሃው ላይ አልተነሳም ነበር። ሞተሩ እየተንተከተከ ወደ ውስጥ ሲገፋቸው መጀመሪያ የመንደሩ ውሾች ጩኸት ጠፋ፣ ቀጥሎ ራሱ ዳርቻው ጠፋ፤ የቀረው የቤንዚን ሽታ፣ የጀልባዋን ጎን በስሱ የሚመታው ውሃ፣ ከግራም ከቀኝም ቀስ እያለ የሚቀርበው እምቦጭ ብቻ ነበር። እምቦጭን የማያውቅ ሰው ላዩን ቢያየው የለማ ማሳ ይመስለዋል፣ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ አበባው ሐምራዊ። ከሥሩ ግን እንደ ረጅም ጥቁር ፀጉር የተንዘረፈፈ ነገር ነው፤ ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል፣ ያ የታፈነ ውሃም ክፉኛ ይሸታል። ስንሻው አፍንጫውን በእጅጌው ያዘ። "ዛሬ ወፍ የለም እንዴ?" አለ። በእርግጥም አንዲት ወፍ አልነበረችም።

መረቡ ጋ ሲደርሱ አጉማስ ጫፉን ይዞ መሳብ ጀመረ፣ መረቡም ከብዶ መጣ፤ ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ የተትረፈረፈ ነው። ግን ዓሦቹ አይንፈራገጡም። በሕይወት አሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ጀልባዋ ወለል ላይ ሲወድቁ ግን አንዱ እንኳ ጭራውን አልመታም፣ ሁሉም ባረፈበት ጎኑ ተኝቶ ወደ ሰማይ ያያል። አጉማስ ለአፍታ ቆም ብሎ አያቸውና "ብርድ ነው ያደነዘዛቸው" አለ። ስንሻው ስለ ዓሣ ምንም ስለማያውቅ አመነው።

ምንይችል ግን ዝምታ አይወድም። "በጥቅምት አንድ አጥንት አሉ እንጂ አንድ እሾህ ማን አለ! ነገ እንግዳውን ሁሉ በእሾህ አንቀን ልንገድል ነው!" ብሎ እንደ ልማዱ ሆዱን ይዞ ተንከተከተ። ሳቁ አለቀ። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ፣ ከሚገባው በላይ ቆይቶ፣ ያው ሳቅ ከእምቦጩ ውስጥ ተመለሰ፤ ያው ሆድ የተያዘበት ሳቅ፣ ግን መጨረሻው ላይ ትንፋሽ ለመሰብሰብ የማይቆም።

"ገደል ማሚቶ ነው" አለ አጉማስ። ግን በዚያ ሜዳ ውሃ ላይ የሰው ድምፅ የሚመልስ ገደል ቀርቶ ጉብታም የለም። ምንይችል ልክ እንዳልሆነ ፊቱ ላይ እያስታወቀበት "በቃ፣ ይበቃናል፣ እንመለስ" አለ። የመረቡ ግማሽ ገና ውሃ ውስጥ ነበር።

ንፋሱ ዞሮ ኖሮ እምቦጩ ከኋላቸው ገጥሟል። ምንይችል በቀጭኑ በኩል ሰንጥቆ ሊያልፍ ሞተሩን አስነሳ፣ አስር ክንድ ያህል ሄዱ፣ ሞተሩ ታንቆ ሲጮህ ተሰማና ቀጥ አለ። ወደ ላይ ሊያነሱት ታገሉ፤ እምቢ አለ። የቀረው መረብና የእምቦጩ ሥር ተጠላልፈው ከፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥመዋል፣ ወደ ታች ይዘውታል። ስልክ አይሠራም። ጭጋጉ ፀሐይ እየወጣም አልሳሳም። "እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ" አለ ምንይችል ለራሱ፣ ወዲያውም በመናገሩ ተጸጸተ።

አጉማስ ልብሱን አወለቀ። ከሦስቱ እሱ ነው ዋናተኛው፣ እሱ ነው ጠላቂው፤ ይኼንንም ሥራ ከአንድ ሁለቴ በላይ ሠርቶታል። ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ፣ ማጭዱን ያዘ፣ ሌላውን የገመዱን ጫፍ ጀልባዋ ላይ ቋጥሮ ለስንሻው አስያዘው። "ስማኝ፣ አንዴ ከሳብኩ አለሁ ማለት ነው። ሁለቴ ከሳብኩ አውጣኝ። ልብስ ሰፊ አይደለህ፣ ክርህን አጥብቀህ ያዝ" አለው፣ ጠቀሰውና ገባ።

ገመዱ በስንሻው ጣቶች መሐል ሄደ፣ ቆመ፣ ሄደ። ከታች ማጭዱ ሲቆርጥ ጀልባዋ ትንቀጠቀጣለች። አጉማስ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ተነፈሰ፣ ሁለት ጊዜ ገባ። በሦስተኛው ሞተሩ ድንገት ቀለል ብሎ ተነሳ፣ ምንይችልም "ጎሽ የኔ አንበሳ!" ብሎ ጮኸ። አጉማስ ግን አልወጣም። ገመዱ ወደ ላይ መምጣቱን ትቶ ወደ ጎን ሄደ፣ ከእምቦጩ ሥር ገባ፣ እየሮጠ፣ የስንሻውን መዳፍ እየላጠ፣ እስከ መጨረሻው ተወጠረና ቆመ።

"አጉማስ!"

አንድ ጊዜ ተሳበ። አለሁ። ስንሻው እንደ ሕፃን አለቀሰ። አጉማስ ራሱ ያወራለት ነበር፣ እምቦጭ ሥር የተያዘ ሰው ከቅጠሉ መሐል አፍንጫውን ካወጣ መቆየት ይችላል ብሎ። ሁለቱም ተጋግዘው ጎተቱ፤ ገመዱ ከሥሩ ጋር ተተብትቧል፣ ንቅንቅ አይልም፣ ጀልባዋ ናት ወደ እሱ የምታጋድለው። "አጉማስ! አለህ?" አሁንም አንዴ ተሳበ። በዚያው ቅጽበት፣ ገመዱ ከሄደበት በተቃራኒ፣ ከግራቸው፣ ከሠላሳ እርምጃ የማይርቅ ጭጋግ ውስጥ፣

"ወዬ!"

የአጉማስ ድምፅ ነው። የሚምል ሰው ቢጠፋ ስንሻው ይምላል። ምንይችል ዘለለ፣ "ያውና! ወጥቷል! በዚያ በኩል ወጥቷል!" ስንሻው "ገመዱ እየሳበኝ ነው እኮ" አለ፣ "አሁን፣ አሁን ሳበኝ።" "ዓሣ ነው! ጉማሬ ነው! ሰውየው እየጠራን አንተ ሣር ትጎትታለህ?" ድምፁም እንደገና ወዬ አለ፣ ያንኑ ወዬ፣ በዚያው ዜማ፣ ሳይደክም። ገመዱ ሁለቴ ተሳበ። አውጣኝ። ከዚያ ሁለቴ። ከዚያ ሁለቴ፣ በጣም በቀስታ።

ስንሻው ዕድሜውን ሁሉ ያመነው ጣቱን ነው። ዓይኑ ያላየውን ስፌት ጣቱ ያገኘዋል፣ በጨለማ መርፌ ያስገባል። ያን ዕለት ግን የአንጓች ድምፅ ጆሮው ላይ አደራ፣ አደራ ይላል፣ ምንይችል ይጮኻል፣ ገመዱን የሚስበው እጅ እየደከመ ነው፣ ሁለት አጉማስ ደግሞ የለም፤ አንዱን መምረጥ አለበት፣ ከተሳሳተ ነገ ሕፃኑን ምን ዓይን ኖሮት ይታቀፋል? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ጭንቀቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ዞረና አንድ ብልሃት የመሰለ ነገር ሰጠው።

የክርስትና ስም። ከወላጅ፣ ከክርስትና አባትና ከንስሐ አባት በቀር ለማንም አይነገርም፤ ክፉ ሰው በእጁ ካስገባው ይሠራበታል ይባላል፣ ሰው እንኳን ለጎረቤቱ ለሚስቱም በግድ ነው የሚነግራት። ስንሻውና አጉማስ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጆች ሳሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ተቀምጠው ተነጋግረውታል፣ ያንተን ነገርከኝ፣ የኔን ነገርኩህ፣ ላንናገር ተማማሉ። እውነተኛው አጉማስ በዚያ ስም ሲጠራ ይመልሳል። ሌላው ምን ያውቃል? ስንሻው ቆመ፣ ጀልባዋ ተወዛወዘች፣ ሃያ አምስት ዓመት የጠበቀውን ስም ባለ በሌለ ድምፁ ለሐይቁ ጮኸው።

"ወልደ ጻድቅ!"

እምቦጩ ለአፍታ መወዛወዙን አቆመ። ከዚያ ከግራ በኩል፣ ረጋ ብሎ፣ "ወዬ፣ ስንሻው" አለ። "ወልደ ጻድቅ ነኝ። እዚህ ነኝ። ና።"

ሰው ይሳሳታል፤ ሲጨንቀው ደግሞ አስቦበት ይሳሳታል። ስሙን የነገረው ራሱ መሆኑ ትዝ አላለውም። "እሱ ነው! እሱ ነው፣ ምንይችል፣ ስሙን ያውቃል!" እያለ ጮኸ። ምንይችል ሞተሩን አስነሳ፣ የተወጠረው ገመድ ግን ጀልባዋን አስሮ ያዛት። ስንሻው የዓሣ ቢላዋውን አነሳ። ገመዱ በጣቱ ውስጥ እንደገና ተሳበ፣ አንዴ ብቻ፣ እንደ መጨረሻ ክር ቀጥኖ። ቆረጠው። ጫፉ ወደ ጥቁሩ ውሃ ሾልኮ ሲገባ አየው።

አጉማስን ያገኙት እምቦጩ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነው። ከጀርባው በታች ያለው ቅጠል አልጎበጠም። አወጡት፣ ጋቢ አለበሱት፣ ምንይችል እየሳቀም እያለቀሰም ጉንጩን፣ ግንባሩን ሳመው። "ገመዱስ?" አለው ስንሻው። "ፈታሁት" አለ። ወገቡ ላይ ግን የገመድ ምልክት አልነበረም፣ ፀጉሩም ደርቋል፣ አፉ ደግሞ ያንን የታፈነ ውሃ ይሸታል። ስንሻው ይህን ሁሉ አየ። ከዚያ ራሱን ተቆጣ፤ እግዜር የመለሰውን ሰው ይመረምራሉ እንዴ! ደረቱ ላይ አስደግፎ አቀፈው፣ ቅዝቃዜው በሰደርያው አልፎ አጥንቱ ድረስ ገባ። አባቱን ይዤልሽ መጣሁ እላታለሁ እያለ አሰበ፤ ይህን እያሰበ ደጋግሞ ጀርባውን አሸለት።

የጠራ ውሃ ላይ ወጡ። ጭጋጉ ሳሳ፣ ሩቅ ላይ የዳርቻው ዛፎች ታዩ፣ የመጀመሪያዋ ወፍ በላያቸው አለፈች። ምንይችል ሞተሩን አጋለው። ያኔ ነው ከኋላቸው፣ ከእምቦጩ መሐል፣ ገመዱ ከሰመጠበት በኩል፣ ሰው የጮኸው፤ ውሃ የጠጣ፣ የተሰባበረ፣ ከሳል ጋር የሚታገል ድምፅ።

"ኃይለ ሚካኤል! ኃይለ ሚካኤል፣ አትተወኝ!"

ምንይችል በሞተሩ ጩኸት አልሰማም። ስንሻው ሰማ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ወዲህ በዚህ ሐይቅ ዙሪያ በዚያ የክርስትና ስሙ ሊጠራው የሚችል አንድ ጓደኛ ብቻ ነው ያለው። ደረቱ ላይ የተደገፈው ሰው ከጋቢው ውስጥ ቀስ ብሎ ቀና አለ፣ ወደ ኋላ ተመለከተ፣ ጥቂት አዳመጠ፣ ከዚያም ዓይን ዓይኑን እያየ፣ በአጉማስ ድምፅ፣ "ኃይለ ሚካኤል ማን ነው?" ብሎ ጠየቀው።