ያላለቀው ጨዋታ

«አር ኤም ብለሽ ከጻፍሽ ፋይሉ ጠፋ፣ አለቀ» አለ አጎቷ። «‹እርግጠኛ ነሽ?› ብሎ አይጠይቅሽም። መልሰሽ አውጪ ቢሉሽም አታወጪውም።»

«እሺ።»

ከወንድሟ ቀብር ወዲህ መልሷ ሁሉ እሺ ነው። ብዪ ሲሏት እሺ፣ ተኚ ሲሏት እሺ። አንድም ቀን አላለቀሰችም። አክስቶቿ «ይቺ ልጅ ምን ነካት?» እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰምታለች፤ እሱም አልከበዳትም።

ኮምፒውተሩ የወንድሟ ነበር። እናቷ የክፍሉን በር በከፈተች ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ተገትሮ ማየቱን አልቻለችውም። «ውስጡ ያለውን አጥፉና ለአክስትሽ ልጅ ይሰጥ» አለች። ችግሩ፣ ሲበራ የሚታየው ጥቁር ስክሪንና ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ ብቻ ነው። በማውዝ የሚነካ ነገር የለውም። ወንድሟ እንዲያ ነበር የሚወደው። ስለዚህ ኮምፒውተር ጠጋኙ አጎቷ ተጠራ። መጣ፣ ተቀመጠ፤ እጁ ግን ኪቦርዱ ላይ አልሄድ አለው። ኮምፒውተር ለወንድሟ ያስተማረው እሱ ነበር።

«አንቺ ጻፊ፤ እኔ እነግርሻለሁ» አላት። «በይ፣ ፒ ደብሊው ዲ።»

ጻፈች። አንድ መስመር ወጣ።

«የት እንዳለሽ ነው የነገረሽ። አሁን ኤል ኤስ በዪ፤ ምን ምን እንዳለ ያሳይሻል።»

ፎልደሮች ተዘረዘሩ። ትምህርት፣ ሙዚቃ፣ ጨዋታ።

«ለመግባት ሲ ዲ፣ ከዚያ ክፍተት፣ ከዚያ የፎልደሩ ስም። አንድ ፊደል ብትስቺ እምቢ ይልሻል። ታዛዥ ነው፣ ግን ድርቅ ያለ ነው።»

«እንደ እሱ» አለች ሳታስበው። አጎቷ ሊስቅ ሞከረና ተወው።

ጨዋታ የሚለው ውስጥ ገባች። ያለው አንድ ፋይል ብቻ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ራሱ በፓይተን ቋንቋ መጻፍ የጀመረው ጨዋታ ነው። ፓይተን ብለሽ የፋይሉን ስም ጻፊ፤ ይነሳል።»

ተነሳ። ስክሪኑ ላይ «ስምሽ ማን ነው?» የሚል ወጣ።

ስምሽ። ስምህ አይደለም። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከእሷ ሌላ ሴት ልጅ የለም። ወንድሟ እሷን የሚጠራበትን ስም ጻፈች፦ ቁንጫ።

«ነይ ቁንጫ፣ እንጀምር» አለና ቀጥ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ኮዱ መስመር አርባ አንድ ላይ ስህተት እንዳለበት ጽፎ ቆመ።

አጎቷ ወደ መስኮቱ ዞረ። «አልጨረሰውም ነበር» አለ። «በይ፣ እንደነገርኩሽ አድርጊ።»

አር ጻፈች፣ ኤም ጻፈች፣ የፋይሉን ስም አስከተለች። ጣቷ ኢንተሩ ላይ ተቀመጠ። እንባ ይመጣ ይሆን ብላ ጠበቀች። አልመጣም። ደረቷ ውስጥ ያው ባዶ ነገር ነው።

«ጨረሳችሁ?» አለች እናቷ ከማድ ቤት።

የጻፈችውን ከመጨረሻው እየጀመረች ፊደል በፊደል አጠፋችው።

«ገና ነን፣ እማ። ለአክስቴ ልጅ ሌላ ይፈለግላት።»

ወደ አጎቷ ዞረች።

«መስመር አርባ አንድን ለማየት ምን ብዬ ነው የምጽፈው?»

አጎቷ ፊደሎቹን ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ ነገራት።