የአንዳርጌ ውዳሴ

ጭራ ያለው ኮከብ በሰማይ በተጋደመበት በዚያ ዓመት ዓለም ተናወጠች። የባሕር ማዶ ነጋድያን አንዱ ሕዝብ የንጉሡን አንገት እንደቀላ፣ በሌላው አገር ዘበኞች ጌታቸውን አንቀው እንደገደሉ አወሩ። የሳርማዝ ሰው «ወይ ጉድ! እኛን እንኳ አይነካንም» ብሎ ሳይጨርስ፣ ዘንዶው ጉርምዝ የመንግሥቱን ነጋሪት ነጥቆ ዋሻው ገባ። ነጋሪት የሌለውን ዙፋን ማን ይሰማዋል? ጦሩ መበተን ጀመረ።

በሳርማዝ ዓመት የሚሰየመው አገር ባዳነ ሰው ነው። ንግሥቲቱ «ነጋሪቴን ላስመለሰ፣ ዘመኑ በስሙ ይጠራ!» ብለው ማሉ። ከጦሩ መካከል አንዳርጌ ብድግ ሊል ሲል የጡት ወንድሙ ናደው ቀድሞት ተነሣ። መቼስ ናደው ያልቀደመው ነገር የለም፤ በፈረስ፣ በጦር፣ በእናት ምርቃት ሳይቀር። አንዳርጌ በቅናት እርር ድብን እያለ አብሮት ዘመተ።

የጉርምዝን ነገር አባቶች ያውቁታል። ሰው ሌላውን ሰው ከልቡ ሲያወድስ ከሰማ ይተኛል፤ ውሸት ወይም የራስ ውዳሴ ከሰማ ይነቃል። አወዳሹ ዝም ካለም ይነቃልና፣ አወዳሽ ከዋሻው አይወጣም።

ዋሻው ሲደርሱ «አወዳሽ ሆኜ እኔ እቀራለሁ» አለ ናደው።

«ሞትንም ሊቀድመኝ ነው!» አለ አንዳርጌ በልቡ።

ናደው አንዳርጌን ማወደስ ጀመረ፤ ዘንዶውም አንቀላፋ። ግን ፉከራ የለመደ አፍ ምን ይደረግ! ሲያሳርግ «እኔ ናደው!» አለ። ጉርምዝ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

አንዳርጌ ወንድሙን ወደ ነጋሪቱ ገፈተረው። «ይዘኸው ሩጥ! የገደሉን ድልድይ ተሻገርና ቁረጠው፤ ከዚያ ነጋሪቱን ምታው!» ብሎ ወደ ዘንዶው ዞረ።

«ናደው ይበልጠኛል። ጉማሬ ታንኳችንን ሲገለብጥ መቅዘፊያውን ለእኔ ሰጥቶ በባዶ እጁ የዋኘ እሱ ነው። አላመሰገንኩትም፤ እንዴት እኔ አልሆንኩም እያልኩ ስቃጠል ከረምኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ቀናሁበት። ለማይረባ ሰው ይቀናል እንዴ?»

እውነት ነበርና ዘንዶው ዓይኑን ከደነ። አንዳርጌ ድምፁ እስኪዘጋ ያንን ሁሉ የደበቀውን ውዳሴ አወጣው። በመጨረሻ ከገደሉ ማዶ ነጋሪቱ ሲጎሰም ሰማ።

ሳቀ። ደረቱን ነፋና «እኔ አንዳርጌ!» አለ። ጉርምዝ ነቃ።

ጦሩ በነጋሪቱ ድምፅ ተሰበሰበ፤ ሳርማዝም ዳነች። ጸሐፌ ትእዛዙ ብዕሩን አንሥቶ «ዘመኑን በናደው ልበል?» ቢል፣ ናደው እንባውን ዋጥ አድርጎ «በአንዳርጌ በል» አለ።

እስኪሞት ድረስ ያ ዓመት በተጠራ ቁጥር ናደው ይቀና ነበር።