ውሃው ሲደርቅ የታየው ጭረት

ቃጭል የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ቃጭል ያሏት ስለምትለፈልፍ ነው፤ እሷ ካለች ቤቱ ጸጥ አይልም። የምትኖረው ከእናቷና ከአክስቷ ጋር፣ ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ጓዳ ባለው ቤት ውስጥ ነው። እናቷ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። አክስቷ ደግሞ፣ የእናቷ ታላቅ እህት፣ እዚያችው ጓዳ ውስጥ ትሠራለች። የዛሬው ታሪክ የዚያች ጓዳ ታሪክ ነው። ደስ የሚል ታሪክ አይደለም። አስቀድሜ ነግሬአችኋለሁ፤ በኋላ ማንም እንዳያኮርፈኝ።

የአክስትየው ሥራ ምን መሰላችሁ? ከብርጭቆ ላይ ሥዕል ማስለቀቅ ነው። የሰፈሩ ብርጭቆ ነጋዴ ከተዘጉ ካፌዎችና ሆቴሎች ያገለገሉ ብርጭቆዎች ይገዛል። ብርጭቆዎቹ ላይ አበባ፣ ወፍ ወይም የካፌው ምልክት ተለጥፎባቸዋል። የሌላ ቤት ምልክት ያለበትን ብርጭቆ ማን ይገዛል? ስለዚህ ሥዕሉ መነሳት አለበት። ብርጭቆው ግን መጎዳት የለበትም።

አክስትየው ሳፋ ውስጥ ሙቅ ውሃ ትሞላለች፤ ኮምጣጤ ጠብ ታደርግበታለች፤ ብርጭቆዎቹን ትነክራለች። ከዚያ ትጠብቃለች። ሥዕሉ ከጠርዙ መላቀቅ ሲጀምር በጥፍሯ ቀስ አድርጋ ትገፋዋለች። የቀረውን ሙጫ ዘይት በነካ ጨርቅ ታሸዋለች። በሳሙና ካጠበችው በኋላ ታደርቀዋለች፤ ወደ መስኮቱ አንስታም አገላብጣ ታየዋለች። በጋዜጣ የምትጠቀልለው ከዚያ በኋላ ነው።

"የዚህ ሥራ ግማሹ መጠበቅ ነው" ትላለች። "የድስት ሽቦ ግን ብርጭቆ አጠገብ እንዳይደርስ! ሽቦ የነካው ብርጭቆ ዕድሜ ልኩን እንደደፈረሰ ይቀራል።"

አክስትየው ባልም ልጅም የላትም። በታናሽ እህቷ ቤት ብትኖርም የሰው እጅ አታይም ነበር። በዚህ ትኮራለች፤ ብትኮራም አይፈረድባትም። አንድ ነገር ብቻ ትፈራለች። ሲመሻሽ ዓይኗ ይደክማል። "ዓይኔ ከከዳኝ ምን ይውጠኛል?" ትላለች አንዳንዴ ለእህቷ። ቃጭል ይህን ሰምታለች። ልብ በሉ፣ ልጆች፤ ሰምታለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቃጭልና አክስቷ ጓዳ ውስጥ አብረው ይሠሩ ነበር። ቃጭል ሥራውን ከተማረች ቆይታለች፤ ጎበዝም ናት። ነጋዴው ዕቃውን የሚፈልገው ሰኞ ነው፤ ገና እሑድ አለ በመካከል። ግን አክስትየው ሥራ ማሳደር አትወድም። ግማሹን ጨርሳ ጠቅልላ ነበር፤ የቀረው ሳፋው ውስጥ ተነክሯል። ያን ጊዜ ጎረቤት የታመመች ሴት አስጠራቻት።

"ቃጭልዬ፣ እነዚህን አንቺ ትጨርሻቸዋለሽ። አትቸኩዪ፤ ራሱ ይለቅልሻል" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ቃጭል ጠበቀች። እውነቴን ነው፣ ትንሽ ጠበቀች። ከውጭ ግን የሳቅ ድምፅ መጣ። የልብስ ሰፊው ልጅ አዲስ ብስክሌት ተገዝቶላት ለሰፈሩ ልጆች ተራ እየሰጠች ነበር።

"ቃጭል! ነይ እንጂ! ተራሽ ሊያልፍ ነው!"

ቃጭል አንዱን ብርጭቆ አወጣችና በጥፍሯ ገፋችው። ላዩ ላይ የተለጠፈችው ወፍ ጭራዋን ብቻ ለቀቀች። እንደገና ገፋች። ጥፍሯ አመማት። ዕቃ ማጠቢያው ጥግ ላይ የድስት ሽቦው ተቀምጦ ነበር። አየችው። ዞር አለች። እንደገና አየችው።

"ትንሽ ብቻ" አለች ለራሷ። ይህቺን "ትንሽ ብቻ" የምትባለውን ነገር እናውቃታለን አይደል? አንተ ከኋላ የምትስቀው፣ አንተም ታውቃታለህ።

ሽቦውን አንስታ ፈተገች። ወፏ በአንድ አፍታ ጠፋች! ብርጭቆውን በውሃው ውስጥ አለቅልቃ ወደ መስኮቱ አነሳችው፤ ያብረቀርቃል። አንዳች ጭረት የለውም። "አክስቴ ዝም ብላ ነው የምታስፈራራኝ" ብላ ሳቀችና ሁሉንም በሽቦ ፈተገቻቸው። ሳታደርቅ፣ ውሃቸው እየተንጠባጠበ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ካርቶኑ ውስጥ ከአክስቷ ብርጭቆዎች ጋር ደባለቀቻቸው። ሮጣም ወጣች።

ሞኟ ቃጭል ያላወቀችው ነገር አለ። እርጥብ ብርጭቆ ጭረቱን ይደብቃል። ውሃው በጭረቶቹ ውስጥ ይገባና ሁሉንም ለስላሳ ያስመስለዋል። ጉዱ የሚታየው ሲደርቅ ነው። አክስትየው መጀመሪያ የምታደርቀው፣ ከዚያ በብርሃን የምታየው ለዚህ ነበር።

ማታ አክስትየው ስትመለስ ጠየቀች። "ጨረስሽ?"

"ጨረስኩ።"

"አደረቅሻቸው?"

"አደረቅኋቸው።"

"ተባረኪ" አለች አክስትየው። ካርቶኑን ከፍታ አላየችም። ለምን ታያለች? ልጅቷን ታምናታለች።

ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ካርቶኑን ሁለቱ ይዘው ወደ ነጋዴው ሱቅ ሄዱ። ነጋዴው ክፉ ሰው አይደለም፤ ቸኳይ ነው እንጂ። አንዱን ጋዜጣ ፈታ፤ ጥሩ። ሁለተኛውን ፈታና ፊቱ ተለወጠ። ብርጭቆው ደፍርሷል። ሌላ ፈታ፤ ያም ደፍርሷል። በጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው፤ የጠሩት በአንድ በኩል፣ የተፈተጉት በሌላ በኩል።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድነው? በሽቦ ነው እንዴ የፈተጉት?"

አክስትየው አንዱን አንስታ ወደ በሩ ብርሃን ያዘችው። ከዚያ ወደ ቃጭል ዞረች።

"ልጄ፣ ያንቺ የትኞቹ ናቸው?"

ልጆች፣ ቃጭል በዚያች ደቂቃ እውነቱን ብትናገር ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ቁጣ ይኖር ነበር፤ ምናልባት ኩርኩም። ከዚያ ያልፍ ነበር። ቃጭል ግን ጣቷን ወደ ጠሩት ብርጭቆዎች ዘረጋች።

"የእኔ እነዚህ ናቸው።"

"እና እነዚህ የእኔ ናቸው?"

"አዎ አክስቴ።"

አክስትየው የደፈረሰውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ መለሰች። "ሽቦው ከማጠቢያ ጨርቁ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ሳላየው አንስቼ ይሆን?" አለች። የጠየቀችው ቃጭልን ነው።

"ምናልባት" አለች ቃጭል።

ነጋዴው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እትዬ፣ አይክፋዎት። ዓይንዎ ደክሟል። ከእንግዲህ ይረፉ፤ ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ።" አክስትየው አልተከራከረችም። ሰው ሲበድላት ዝም የማትለው ሴት፣ ራሷ ያጠፋች መስሏት አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሌላ ሆነ። ሳፋው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አክስትየው ወንበር ላይ ተቀምጣ እጆቿን ታያለች። በመርፌ ክር ራሷ ታስገባ የነበረችው "አንቺ አስገቢልኝ" ትላለች። ሻይ ስትቀዳ ያፈሰሰች እየመሰላት በጣቷ ጠረጴዛውን ትዳስሳለች። ዓይኗ ግን ያው የድሮው ዓይን ነበር! ምንም አልሆነም። የታመመው በራሷ ላይ የነበራት እምነት ነው፤ ያሳመመችውም ቃጭል ናት።

"እትዬ፣ ትንሽ ቅመሺ እንጂ" ትላታለች እናትየው።

"ሳልሠራ ምን ያስርበኛል?" ትላለች እሷ።

ቃጭልስ? መለፍለፍ ትታለች። ማታ ማታ ብርድ ልብሷ ውስጥ ገብታ "እግዚአብሔር ሆይ፣ ይቅር በለኝ" ትላለች። እንባም ታፈስሳለች። ጠዋት ተነስታ ግን አክስቷን አልፋት ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እስቲ ንገሩኝ፤ ይህ ይበቃል? እግዚአብሔር እውነቱን ያውቀዋል፤ የማታውቀው አክስትየው ናት። የሚያውቀውን እየለመኑ የተበደለውን ማለፍ ቀላል ነው። ይህን ስናገር ትንሽ እናደዳለሁ፤ ታገሡኝ።

አንድ እሑድ አክስትየው ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ተነሳች። ሁልጊዜ ብቻዋን ነበር የምትሄደው። አሁን ግን በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች።

"ቃጭልዬ፣ መንገዱን አሻግሪኝ። መኪናውን እፈራለሁ።"

መንገዱ ዳር ሲደርሱ አክስትየው የልጅቷን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። መኪኖቹ እስኪያልፉ ቆሙ።

"አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?" አለች። "እግዚአብሔር ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፣ የእኔ ልጅ።"

ምርቃቱ ቃጭልን አቃጠላት። ከስድብ ሁሉ ይልቅ አቃጠላት። እዚያው ቆማ ጮኻ ማልቀስ ጀመረች።

"እኔ ነኝ! በሽቦ የፈተግኋቸው እኔ ነኝ! ብስክሌት ልነዳ ብዬ ነው! የተበላሹት የእኔ ናቸው፤ የጠሩት ያንቺ ናቸው፣ አክስቴ!"

አክስትየው ቶሎ አልገባትም። "እኔ ሽቦውን አልነካሁም?"

"አልነካሽም።"

"አንዴም?"

"አንዴም።"

አክስትየው እጇን ከቃጭል እጅ አወጣች። ፊቷ አመድ መሰለ። "ይህን ሁሉ ቀን" አለች። "እያየሽኝ?"

ቃጭል የባሰ አለቀሰች።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አለች አክስትየው በመጨረሻ። "ክርስቲያን ነኝ፤ ይቅር ብዬሻለሁ። አሁን ግን አጠገቤ አትቁሚ፤ ላልቅስበት።"

በማግስቱ ወደ ነጋዴው ሄዱ። ቃጭል ራሷ ተናገረች፤ አንድም ቃል አላስቀረችም። ነጋዴው ጭንቅላቱን ያዘ። አክስትየውን ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያ ግን የሱቁን ጓሮ አሳያቸው። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ሳፋ ላይ አጎንብሳለች።

"ባሏ ሞቶባት ነው የቀጠርኳት። አሁን ምን ብዬ ላስወጣት እትዬ? ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ የለኝም።"

አክስትየው ሴትየዋን ለአፍታ አየቻትና "አታስወጣት" አለች። ይህን ያለችው ራሷ ምንም ገቢ ሳይኖራት ነው። ቃጭል አጠገቧ ቆማ ሰማች።

በዚያ ሳምንት እናትየው ከሆስፒታሉ ሠራተኞች አንዷ የላከችውን፣ ሥዕል የተለጠፈበት ትልቅ ብርጭቆ ይዛ መጣች። "እትዬ፣ እስቲ ሞክሪው" አለቻት። አክስትየው ብዙ ካመነታች በኋላ ሳፋውን አወረደች። ነከረች፤ ጠበቀች፤ በጥፍሯ ገፋች፤ አደረቀች። ወደ መስኮቱ አንስታ ብዙ አገላበጠችው። እርግጠኛ መሆን አልቻለችም።

ቃጭል ተጠጋች። "ንጹሕ ነው አክስቴ! ምንም ጭረት የለውም፤ በደንብ አየሁት!"

እውነቷን ነበር። ብርጭቆው እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ነበር። አክስትየው ግን ፊቷን ከመስኮቱ ሳታዞር፣ ያለ ቁጣ፣ በቀስታ መለሰች።

"እናትሽን ጥሪልኝ፤ እሷ ትየው።"

ልጆቼ፣ በሰው ላይ ከዋሻችሁ ሳይውል ሳያድር ሄዳችሁ እውነቱን ለዚያው ሰው ንገሩት፤ የዘገየ እውነት ይቅርታ ያስገኛል እንጂ ያጠፋነውን እምነት ቶሎ አይመልስም።